ካሜራውን የያዘው ማን ነው?

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በተደረገ የፊልም ወዳጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። እንዳለ ነው የተጻፈው፤ መደጋገሙን ትንሽ ብቻ ቀንሼዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ትራፊክ፣ ያውም በቅዳሜ ማታ፣ ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ኑ ግቡ፣ አትፍሩ። የሚፈራበት ሰዓት ገና ነው። (ሳቅ)

እናቶቻችንም መጥታችኋል፣ እግዜር ይስጥልን። "የፊልም ፕሮግራም ነው" ተብላችሁ እንደመጣችሁ ገባኝ። ልጆቻችሁ ርዕሱን አልነገሯችሁም። ርዕሱ ነፍሰ ገዳዮች ናቸው። በቃ፣ ተናገርኩ። ደም አላሳይም፣ ቃል እገባለሁ። ቡናው ከኋላ አለ።

ዛሬ የማወራው ፋውንድ ፉቴጅ ስለሚባሉት አስፈሪ ፊልሞች ነው። ታውቋቸዋላችሁ። አንድ ሰው በራሱ ካሜራ የቀረጸው፣ በኋላ ወድቆ የተገኘ ካሴት መስለው የሚቀርቡት። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ሙዚቃ የለም። ከእነሱም ውስጥ አንድ ዓይነቱን ብቻ መርጫለሁ። ገዳዩ ጫካ ውስጥ የማይኖርበትን። ገዳዩ ቅዳሜ ሣሩን የሚያጭድበትን፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስበትን፣ ለጎረቤቱ እጁን የሚያውለበልብበትን።

ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ይህ አሠራር እዚሁ ደጃችን ላይ እንዴት ገንዘብ እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ተራ ቤት ለምን እንደሚያስፈራ። ሦስተኛ፣ እኛ በኪሳችን ባለው ስልክ ምን መሥራት እንደምንችል። ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ፣ ካሁኑ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

እሺ፣ አንደኛ። ሴኔካ ክሪክ ፓርክ ሄዳችሁ ሥጋ የጠበሳችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ? ግማሽ አዳራሹ! ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት፣ ሦስት ተማሪዎች ስለ አንዲት ጠንቋይ ሊቀርጹ ጫካ ገብተው የሚጠፉበት ፊልም፣ የተቀረጸው እዚያ ነው። እናንተ አዋዜውን ስትከፍቱ፣ ሦስት ልጆች እዚያው ዛፍ ሥር እያለቀሱ ነበር። ታሪኩ ደርሶባታል የተባለችው በርኪትስቪልም እዚሁ ፍሬድሪክ ካውንቲ ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ፊልሙ ከወጣ በኋላ የመንደሯን የመንገድ ምልክት እየነቀሉ ለማስታወሻ የሚወስዱ ሰዎች ነዋሪውን አስመርረውት ነበር።

የቀረጹት ተዋንያኑ ራሳቸው ናቸው። በ1997 መኸር፣ በ8 ቀን። ዳይሬክተሮቹ ዳንኤል ማይሪክ እና ኤድዋርዶ ሳንቼዝ በየቦታው ማስታወሻ ያስቀምጡላቸዋል፣ ልጆቹ በጂፒኤስ እየፈለጉ ያነሱታል። ምግባቸው በየቀኑ ይቀነሳል። ሌሊት ድንኳናቸው ይነቀነቃል። ስለዚህ ያ ድካም፣ ያ መነጫነጭ፣ ትወና ብቻ አይደለም። ፊልሙ በ1999 ሲወጣ በዓለም ዙሪያ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ቀረጻው የፈጀው ደግሞ አንዳንዶቻችሁ ሰርግ ላይ ከምታወጡት ብዙም አይበልጥም። (ሳቅ) ምን ያስቃችኋል? እኔ የብዙዎቻችሁን ሰርግ የቀረጽኩ ሰው ነኝ፣ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ለወጣት ተዋንያኖቻችን ጣል ላድርግ። እነዚያ ሦስት ተዋንያን ከዚያ ሁሉ ሚሊዮን የደረሳቸው በጣም ጥቂት ነው። በ2024 እንኳ፣ ከ25 ዓመት በኋላ፣ ተገቢ ክፍያ ይሰጠን ብለው በአደባባይ እየጠየቁ ነበር። "ሞተዋል" ተብሎ ማስታወቂያ የተሠራባቸው ሰዎች ናቸው እኮ። ኮንትራት አንብቡ። የአጎታችሁ ልጅም ቢሆን ዳይሬክተሩ፣ አንብቡ።

ጠንቋይዋን እዚህ ላይ እንተዋት። ጠንቋይ የምትኖረው ጫካ ውስጥ ነው፤ ካልፈለግክ አትሄድም፣ አለቀ። ቤትህ ውስጥ ያለውስ? ሁለተኛው ነጥቤ ይኸው ነው።

በ1986 የተሠራ፣ ሄንሪ የሚባል የቺካጎ ፊልም አለ። ዳይሬክተሩ ጆን ማክኖተን ነው። ወጪው ወደ 110 ሺህ ዶላር። ፊልሙ በሙሉ ፋውንድ ፉቴጅ አይደለም፤ አንድ ትዕይንት ብቻ ነው እንደዚያ። ሁለት ገዳዮች የቪዲዮ ካሜራ አግኝተዋል። ይዘውት ሰው ቤት ይገባሉ። እኛ የምናየው እነሱ የቀረጹትን ነው፤ ካሜራው ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ተጣሞ፣ ዝም ብሎ ይቀርጻል። ከዚያ ትዕይንቱ ያልቃል ስንል፣ ለካ ሁለቱ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ቴሌቪዥን ላይ እያዩት ነው። ለካ እኛም ከእነሱ ጋር ተቀምጠን ነበር። አንደኛው ወደኋላ መልሶ እንደገና ያየዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት የዚህ ዓይነት ፊልሞች በሙሉ ከዚያች ሶፋ የወጡ ይመስለኛል።

ለምን? ካሜራውን የያዘው ሰው ስለተቀየረ። በብሌር ዊች ካሜራውን የያዘችው የምትሞተው ናት። አብረን እንፈራለን፣ አብረን እንሮጣለን። እነዚህኛዎቹ ላይ ካሜራውን የያዘው ገዳዩ ነው፣ ወይም ጓደኛው። ታዲያ አንተ ምንድን ነህ? እንግዳው ነህ። ቤቱ ጋብዞሃል። ሶፋው ላይ ነህ። ተነስተህ አልወጣህም።

በ1992 ሦስት የቤልጂየም ወጣቶች ማን ባይትስ ዶግ ብለው የሠሩትን ውሰዱ። በትምህርት ቤት ልጅ ገንዘብ፣ በጥቁርና ነጭ። የቀረጻ ቡድን አንድ ገዳይን ይከተላል። ገዳዩ ቀልደኛ ነው፣ ግጥም ይወዳል፣ እናቱን ይወዳል። መጀመሪያ ቡድኑ ዝም ብሎ ይቀርጻል። ቀጥሎ መብራት ያበራለታል። ቀጥሎ ሬሳ ያግዘዋል። እያለ እያለ የት እንደሚደርስ እናቶች ባሉበት አልናገርም። አሁን ስሙኝ፣ ገዳዩን የተጫወተው ቤኑዋ ፑልቮርድ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ የምናያቸው እናቱና አያቶቹ የራሱ እናትና አያቶች ናቸው። ፊልሙ በእውነት ስለምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ስለዚህ ስለ ልጃቸው በፍቅር ሲያወሩ እውነታቸውን ነው። ያንን ፍቅር የትኛው ተዋናይ ይጫወተዋል? እናት ልጇን ስታመሰግን ሆድህ ይረበሻል። እስቲ በየትኛው ጭራቅ ነው ይህ የሚሆነው?

በ2007 ደግሞ እዚሁ ጎረቤታችን ዴላዌር፣ ሄድ ኬዝ የሚባል ተሠራ። በአይ-95 ወደ ፊላደልፊያ ስትሄዱ ቶል ከፍላችሁ የምታልፏት ዴላዌር። አንቶኒ ስፓዳቺኒ ነው የሠራው። ባልና ሚስት፣ መካከለኛ ኑሮ ያላቸው፣ እንደ ማንኛውም ሰው የቤት ቪዲዮ የሚቀርጹ። የሚቀርጹት ግን የሚገድሏቸውን ሰዎች ነው። የተወደደ ፊልም አይደለም፣ ጎዶሎም አለው። እኔን የያዘኝ ግን ኩሽናው ነው። ሥጋ ቤት የመሰለ ኩሽና አይደለም፤ ማግኔት የተለጠፈበት ፍሪጅ ያለበት ኩሽና ነው። ርካሽ መሆኑ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። ገንዘብ ቢኖራቸው ኖሮ መብራቱን ያሳምሩ ነበር። ካሳመሩት ደግሞ ፊልም ይሆናል። ፊልም ከሆነ እናርፋለን። ያልተሳመረ ምስል የምናውቀው ከየት ነው? ከልደት፣ ከክርስትና፣ ከምርቃት። ከራሳችን ቤት። ስለዚህ ዓይናችን ያምነዋል።

እዚህ ላይ ስለ ሙያዬ ትንሽ ላውራ፣ ታገሱኝ።

እኔ ሰርግ እቀርጻለሁ። በቨርጂኒያም፣ በሜሪላንድም፣ አንዳንዴ እስከ አትላንታ። ጎህ ሳይቀድ ሙሽራዋ ቤት እገባለሁ። በሩን ማን እንደከፈተልኝ አላውቅም። ማን እንደሆንኩም የሚጠይቀኝ የለም። ካሜራ ይዣለሁ፣ በቃ! መኝታ ቤት ድረስ እገባለሁ። የሙሽራዋ ወገን የሙሽራው ዘመድ እመስላቸዋለሁ፣ የሙሽራው ወገን ደግሞ የሙሽራዋ። አንድ ጊዜ አንዲት አክስት፣ እግዜር ይባርካቸው፣ የአንገት ወርቅ በመሀረብ ጠቅልለው "እስክለብስ ያዝልኝ የኔ ልጅ" ብለው እጄ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ስሜን አያውቁም! በአንድ እጄ ካሜራ፣ በአንድ እጄ ወርቅ፣ እንደዚያ ሆኜ ቆሜ ቀረሁ። ሲመለሱ እንኳ ተቀበሉኝና "በልተሃል ወይ?" አሉኝ እንጂ ማን ነህ አላሉኝም።

ታዲያ በ2003 የወጣውን ዘ ላስት ሆረር ሙቪ የተባለ የእንግሊዞች ፊልም ያየሁ ጊዜ ምን ልበላችሁ። ዳይሬክተሩ ጁሊያን ሪቻርድስ ነው። ገዳዩ ማክስ ይባላል። ሥራው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሰርግ ቀራጭ! (ሳቅ) አዎ፣ ሳቁ። ጨዋ፣ ንግግር አዋቂ፣ ቤተሰብ ዘንድ ሄዶ ምሳ የሚበላ ሰው ነው። ሲገድል ይቀርጻል፣ ከዚያ ከቪዲዮ ቤት በተከራየ ካሴት ላይ ደርቦ ይቀዳዋል። ተራ አስፈሪ ፊልም ነው ብለህ ካሴቱን ተከራይተህ ቤትህ ስታስገባ፣ ፊልሙ መሀል ላይ ይቋረጥና ማክስ ብቅ ይላል። ዓይን ዓይንህን እያየ ያናግርሃል። "ይህንን ለምን ታያለህ? ካላስደሰተህ ለምን አልዘጋኸውም?" ይልሃል፣ ቃሉ ይህ ባይሆንም ነገሩ ይህ ነው።

ያን ሌሊት እኔ ያሰብኩት ስለ ደሙ አልነበረም። ስለዚያች አክስት ነው ያሰብኩት። ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ በር ይከፈትለታል። እኔ ላይ የተጣለውን እምነት እኔ አላገኘሁትም፣ ካሜራዬ ነው ያገኘልኝ።

በ2014 የወጣው ክሪፕ ነገሩን ገልብጦ ነው የያዘው። ሁለት ሰው ብቻ፤ ፓትሪክ ብራይስ ዳይሬክተርም፣ ካሜራማንም፣ ተዋናይም ሆኖ፣ ከማርክ ዱፕላስ ጋር። ካሜራማኑ የሥራ ማስታወቂያ አይቶ አንድ የማያውቀው ሰው ቤት ይሄዳል። ሰውየው "በካንሰር ልሞት ነው፣ ለሚወለደው ልጄ የሚተርፍ ቪዲዮ ቅረጽልኝ" ይለዋል። ታዝንለታለህ። ሰውየው ግን ትንሽ ጠጋ ይላል። ትንሽ ይበዛል። ዕቅፉ ትንሽ ይረዝማል። እናንተ ብትሆኑ መቼ ትወጣላችሁ? መቼ ነው ይሉኝታ የሚያልቀው? እኛ ሐበሾች እኮ በይሉኝታ እስከ መጨረሻው ቁጭ የምንል ነን፤ "እራት ሳትበላማ አትሄድም" ቢለን እንቀመጣለን።

አሁን አንዳንዶቻችሁ በሆዳችሁ የምትሉትን አውቃለሁ። "ይህ የፈረንጅ ሰፈር ችግር ነው" ትላላችሁ። "ጋራዡን በሪሞት ከፍቶ ይገባል፣ በሪሞት ዘግቶ ይጠፋል፣ ማን ያውቀዋል? እኛ አገር ጎረቤት አለ፣ ዕድር አለ፣ ቡና ጠሪ አለ፣ እንዲህ ያለ ሰው አይደበቅም" ትላላችሁ። እኔም ይህችን ሐሳብ እወዳት ነበር። ልክ አይደለችም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ እዚህ ላይ ፊልም ትቼ እውነተኛ ሰው እጠራለሁ።

ዴኒስ ሬደር። ካንሳስ፣ ከዊቺታ ከተማ አጠገብ ፓርክ ሲቲ የምትባል ትንሽ ከተማ ነዋሪ። ከ1974 እስከ 1991 አሥር ሰው ገደለ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ በአንድ ቤት፣ የአንድ ቤተሰብ ሰዎች ነበሩ፤ አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆች። የተያዘው በየካቲት 2005 ነው። 31 ዓመት ሙሉ! በዚህ ሁሉ ዘመን የት ተደብቆ ነበር? የትም። ሚስት ነበረችው፣ ሁለት ልጆች ነበሩት። በልጆች ስካውት ውስጥ መሪ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ የምእመናን ምክር ቤት ሊቀመንበር ነበር። ሥራው ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ደንብ አስከባሪ፤ ሣርህ አልታጨደም፣ ውሻህ ተለቋል ብሎ የሚቀጣ። ከዚያ በፊትስ ምን ይሠራ ነበር? የሌባ ደወል የሚገጥም ድርጅት ውስጥ! ከተማው ገዳዩን ፈርቶ ደወል ያስገጥም ነበር። ገዳዩ እዚያው ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ ደመወዝ ይበላ ነበር።

ስለዚህ ሬደር ብቸኛ ሰው አልነበረም። እኛ ዘንድ ቢሆን የዕድሩ ሰብሳቢ ነበር የሚሆነው። ድንኳን የሚያስተክል፣ መዋጮ የሚመዘግብ፣ የዘገየውን የሚቀጣ። ይህን ሳስብ ነው እኔን የሚበርደኝ። ሰፈርተኛው ያውቀው ነበር፣ በደንብ ያውቀው ነበር፤ ያወቁት ግን እሱ ያሳያቸውን ነው።

አያያዙ ደግሞ ራሱ ፊልም ነው። ለፖሊስ ደብዳቤ መጻፍ ይወድ ነበር። አንድ ቀን "ፍሎፒ ዲስክ ብልክላችሁ ማን እንደላከው ማወቅ ትችላላችሁ? እውነቱን ንገሩኝ" ብሎ ጠየቃቸው። እነሱም ጋዜጣ ላይ በማስታወቂያ፣ ችግር የለውም አሉት። አመናቸው! ዲስኩን ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ላከው። ውስጡ ከጠፋ ፋይል የቤተ ክርስቲያኑ ስምና "ዴኒስ" የሚል ቃል ወጣ። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያታልል የኖረ ሰው፣ እኔን ማን ያታልለኛል ብሎ አልጠረጠረም።

ይህን የነገርኳችሁ ግን ስለ ሬደር ፊልም ሥሩ ለማለት አይደለም። የሟቾቹ ቤተሰቦች አሉ፣ ዛሬም በሕይወት ያሉ። በዚህ ዘርፍ የሚያናድደኝ ነገር ይኸው ነው፤ ገዳዩን በስም እናውቀዋለን፣ የሞቱትን በቁጥር። ከገበያው ውስጥ ግማሹ ደግሞ ስቃይ ማሳየት ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። እነዚያን አልመክራችሁም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይሰለቻሉ፣ ያልሰለቹት ሰው ደግሞ አጠገቡ ባትቀመጡ ይሻላል። (ሳቅ)

ሰዓቴን በላሁት። ሦስተኛውን ቶሎ ቶሎ ልበለው፣ ለመሥራት ለመጣችሁ ልጆች ነው።

ስክሪፕት ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። ካሜራው ለምን አይጠፋም? ነፍሱ የምታመልጥ ሰው ካሜራ ጥሎ ነው የሚሮጠው። አብዛኛው የዚህ ዓይነት ፊልም የሚሞተው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ገዳዩ ሲቀርጽ ግን መልሱ ቀላል ነው፤ ማየት ስለሚፈልግ ነው። ሌላው መልስ ደግሞ ሰው የማይነካው ካሜራ ነው። በራችሁ ላይ ያለው ደወል ካሜራ አለው። እናቴ በሄደች በመጣች ቁጥር "ደህና ዋላችሁ" ትለዋለች፣ ሰው ያለበት መስሏት። የስንቶቻችሁ አባት ኡበር ይነዳል? መኪናው ውስጥ ካሜራ አለ አይደል? ሌሊቱን ሙሉ ይቀርጻል፤ ሰው ይገባል ሰው ይወጣል፣ ሾፌሩ ሲስቅ፣ በስልክ ሲያወራ፣ ጸሎት ሲያደርግ። በዚህ አካባቢ ስንት ሺህ ሰዓት እንዲህ ያለ ቀረጻ ማንም ሳያየው እየጠፋ ነው? ፊልማችሁ እዚያ ውስጥ ነው።

ምስል ቢበላሽ ተመልካች ይቅር ይላችኋል፣ ድምፅ ቢበላሽ አይልም። ገንዘባችሁን ማይክሮፎን ላይ አውጡ። የተበላሸ የሚመስል ድምፅ ለመሥራት መጀመሪያ ጥሩ ድምፅ ያስፈልጋል።

ቦታ አትከራዩ። የእናታችሁን ሳሎን ተጠቀሙ፤ ያንን ሶፋ፣ ያንን መጋረጃ፣ ያንን የምርቃት ፎቶ። ግን እንደ ቤልጂየሞቹ እናታችሁን ሳትነግሯት አትቅረጿት። ሜሪላንድ ውስጥ የሰውን የግል ንግግር ሳይፈቅድ በድምፅ መቅዳት በሕግ ያስጠይቃል። ከሕጉም በላይ እናታችሁ ናት።

ባለፈው አንድ ወጣት "ገዳዩን ሐበሻ ባደርገው ኮሚዩኒቲው አይቀየመኝም ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። ይቀየምሃል። ስልክም ይደወልልሃል፤ "ስማችንን አጠፋህ" ትባላለህ። አድርገው። ገዳዩን ፈረንጅ ካደረግከው እኛ ቁጭ ብለን የሰው አገር ችግር እናያለን፣ ፖፕኮርን እየበላን። ሐበሻ አድርገው፣ ደግሞ መጥፎ ሰው አይምሰል። ለቅሶ የሚደርስ፣ ሰርግ ላይ እስክስታ የሚመታ፣ ሁሉም የሚወደው ሰው ይሁን። ሰው ሁሉ ወርቁን የሚያስይዘው።

እኔ ጨርሻለሁ። ከክሪፕ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቆርጬ አምጥቻለሁ፣ ደም የለበትም፤ ከጥያቄ በኋላ እናየዋለን፣ መሄድ የሚፈልግ እስከዚያ መሄድ ይችላል። አሁን ጥያቄ። ጋሼ፣ እጅዎን ቀድመው አውጥተው ነበር፣ ከእርስዎ እንጀምር። ማይክ አቀብሏቸው እስቲ።